ደረጃው አይነካ

ሰሞኑን በደብራችን ያሉ አንዳንድ ወጣቶች ከዋናው ደረጃ ጎን ዊልቸር የሚያስወጣ ራምፕ ይሠራ ሲሉ ለሰበካ ጉባኤው ደብዳቤ ጽፈዋል። ደብዳቤው በአክብሮት ገቢ ሆኖ ማኅተም ተመትቶበታል፤ በአክብሮት ተነቧል፤ በአክብሮትም ፋይል ውስጥ ገብቷል። ወጣቶቹ ቅን ናቸው። ቅንነት ከአርማታ ጋር ሲጋጭ የሚጎዳው ማን እንደ ሆነ ግን ዕድሜ ያስተምራል። የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴው አባል እንደ መሆኔ መጠን ለደረጃው ጥብቅና መቆም ግዴታዬ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ደረጃው ስለ ራሱ መናገር አይችልም፤ ስለ ራሱ መናገር ለማይችል መቆም ደግሞ ክርስቲያናዊ ምግባር ነው።

አስቀድሞ የደረጃውን ታሪክ ማወቅ ይገባል። የቤተ ክርስቲያናችን ይዞታ በተፈጥሮው ሜዳ ነው። አሮጌው ሕንፃ ከመሬት እምብዛም ከፍ ሳይል የተሠራ በመሆኑ፣ ሽማግሌው በምርኩዙ፣ ዓይነ ስውሩ በመሪው፣ እግሩ የማይታዘዝለትም በእጁ እየዳኸ ያለ አንዳች ተጋድሎ ይገባ ነበር። ይህ ለአንድ ደብር የሚመጥን አልነበረም። ስለዚህ አዲሱ ሕንፃ ሲታሰብ ከሁሉ አስቀድሞ የተደቀነብን ችግር የመሬቱ ጠፍጣፋነት ነበር፤ ይህንንም በብዙ ገልባጭ መኪና አፈር ድል ነሣነው። መሐንዲሱ 9 ደረጃ ይበቃል ቢልም፣ ቁጥሩ ምሥጢር እንዲኖረው በ24ቱ ካህናተ ሰማይ ልክ 24 ተደረገ። እያንዳንዱ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል፤ ድምሩ 3 ሜትር ከ60 ነው። ከላይ የለበሰው እብነ በረድ እጅግ ከመወልወሉ የተነሣ በሐምሌ ዝናብ ሰማዩን ያሳያል። በደረጃው ላይ ሰማዩን ተንጋለው ያዩም አሉ።

ከባድ መንገድ ለቤተ ክርስቲያናችን ባዕድ ነው የሚል ካለ ወደ ትግራይ ይሂድ። ደብረ ዳሞ የሚወጣው በገመድ ነው፤ ከፍታውም 15 ሜትር ያህል ነው። አቡነ አረጋዊ ወደዚያ የወጡት በዘንዶ ተረድተው መሆኑን ትውፊት ይነግረናል። ወደ አቡነ ይምአታ ጉህ የሚሄድ ሰው ገደል መቧጠጥ አለበት። የላሊበላ 11ዱ አብያተ ክርስቲያናትም ከዓለት ተፈልፍለው ቁልቁል ይወረድባቸዋል። እርግጥ ነው፣ አባቶቻችን ገመዱንና ገደሉን የመረጡት ከዓለም ርቀው ለመመንነን ነበር የሚል ክርክር ይነሣል። እኛ ደግሞ በከተማ መካከል፣ በታክሲ ተራ አጠገብ ስለ ሆንን፣ ከዓለም የምንርቅበት ሌላ መንገድ የለንም። ከዓለም ሁሉ መሸሽ ባይቻለን እንኳ ከጥቂቱ ሸሽተናል። ልግስናችንም ይመዘን፦ ገመድ አላንጠለጠልንም፤ ዘንዶም ይጠበቅ አላልንም።

ደግሞም በደብራችን ምዕራባዊ ግድግዳ ላይ የጻድቁ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ሥዕል አለ፤ በቁመት ጸሎት ብዛት አንድ እግራቸው ተቆርጦ፣ በአንዱ ቆመው፣ ስድስት ክንፍ ተሰጥቷቸው ይታያሉ። ቤተ ክርስቲያናችን አንድ እግር ላለው ሰው ስፍራ የላትም የሚል ሁሉ ወጥቶ ይህን ሥዕል ይመልከት። ክንፍ ላለው ሰው ደረጃው እንቅፋት ሆኖ አያውቅም።

ወጣቶቹ በደብዳቤያቸው ቅዱሳት መጻሕፍትን ጠቅሰዋል። መጥቀስ መልካም ነው፤ ማስተዋል ግን ይቀድማል። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 2 አራት ሰዎች አንድ ሽባ ተሸክመው አመጡ፤ ከሕዝቡ ብዛት የተነሣ መግባት ቢያቅታቸው ጣሪያውን ነድለው ከነአልጋው አወረዱት። እስቲ በዚያ ቤት ሰፊ በርና ራምፕ ነበረ እንበል። ሽባው ማንንም ሳያስቸግር ይገባ፣ አራቱም ሰዎች ቤታቸው ይውሉ ነበር። የአራት ሰው እምነት በአንድ ራምፕ ሳይታይ ይቀር ነበር። ወንጌላዊው ስለ ጣሪያው መፍረስ አንድም የወቀሳ ቃል አለመጻፉ ደግሞ፣ የቤቱ ባለቤት የሕንፃ ኮሚቴ እንዳልነበረው ያሳያል። የእኛ ጣሪያ የአርማታ ጉልላት ስለ ሆነ መንደል ክልክል ነው፤ ስለዚህ ለሚመጣው ሰው የሚቀረው አራት ተሸካሚ ማግኘት ብቻ ነው። አራት ሰው በከተማችን አይጠፋም፤ የሚጠፋው ቅዳሴ ሲገባ ነው።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 3 ከእኛ አሠራር ጋር ፈጽሞ ይስማማል። ሲወለድ ጀምሮ ሽባ የነበረ አንድ ሰው መልካም በምትባለው የመቅደስ ደጅ በየቀኑ እያመጡ ያስቀምጡት ነበር። ጴጥሮስና ዮሐንስ በክርስቶስ ስም አስነሡት፤ እየዘለለም ወደ መቅደስ ገባ። ቅደም ተከተሉን ልብ ይሏል፦ መጀመሪያ ተፈወሰ፣ ቀጥሎ ገባ። ደብራችን ከዚህ ሐዋርያዊ ሥርዓት ፈቀቅ አላለም። በደጃችን የተቀመጠ ሁሉ በተፈወሰባት ቀን፣ ቢፈልግ እየዘለለ፣ መግባት ይችላል። ከዚያ በፊት ግን ደጁ ላይ መኖሩ ራሱ አገልግሎት ነው። ነዳያኑ ሁሉ ወደ ውስጥ ቢገቡ፣ በሚካኤልና በማርያም ዕለት ከቅዳሴ ስንወጣ ሳንቲማችንን ለማን እንሰጣለን? ከጎናችን ቆሞ ላስቀደሰ ሰው መመጽወት ያስቸግራል፤ ስሙን መጠየቅ ሊመጣ ይችላል።

ንጉሥ ዳዊት ሁለት እግሩ ሽባ የሆነውን ሜምፊቦስቴን ዘወትር ከማዕዱ ያስቀምጠው እንደ ነበርም ተጠቅሶልናል። ይህ የተደረገው በቤተ መንግሥት ነው፤ እኛ ደግሞ በመንግሥት ሥራ ጣልቃ አንገባም። በሉቃስ 14 ባለ ግብዣው አካል ጉዳተኞችን ከየመንገዱ ጠርተው እንዲያስገቡለት ማዘዙ ተነሥቷል። ጥሪው ከእኛ ዘንድ አልተጓደለም። የደከሙትንና ሸክም የከበደባቸውን ሁሉ የሚጠራው የማቴዎስ 11፥28 ቃል በወርቅ ቀለም ተጽፎ በበሩ ራስ ላይ ተሰቅሏል፤ ከላይኛው ደረጃ ላይ ለቆመ ሰው እጅግ አጥርቶ ይነበባል።

መጻጉዕንም አልረሳንም። የዐቢይ ጾም አራተኛ እሑድ በስሙ ተሰይሞ፣ በዓመት በዓመት በደብራችን ከፍ ያለ ትምህርት ይሰጥበታል። በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ 38 ዓመት የተኛው፣ ወደ ውኃው የሚያወርደው ሰው ያጣው ያ በሽተኛ ሲነሣ እናቶች ያለቅሳሉ፤ ልቅሶውም በድምፅ ማጉያው እስከ ደረጃው ግርጌ ድረስ ለተቀመጡት ይሰማል። እንግዲህ የመጠበቂያው ልክ 38 ዓመት መሆኑ በወንጌል ተጽፎ ሳለ፣ ሕንፃችን ከተመረቀ ገና 9 ዓመቱ ነው። 29 ዓመት የቀረውን ጉዳይ ከወዲሁ በደብዳቤ ማንሣት ችኮላ ነው።

ከወጣቶቹ አንዱ ዘጸአት 20፥26ን አውጥቶ፣ እግዚአብሔር ወደ መሠዊያው በደረጃ መውጣትን እንደ ከለከለ አነበበልን። አዳራሹ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ኋላ ግን አንድ አባታችን ክልከላው የሚወጣው ሰው ኀፍረተ ሥጋው እንዳይገለጥ መሆኑን፣ እዚያው ዘጸአት 28 ላይም ለካህናቱ የበፍታ ሱሪ እንደ ታዘዘላቸው አስረዱ። ሱሪ ባለበት ዘመን ደረጃ ነውር የለበትም። እንዲያውም ባለፈው የጥምቀት ሰሞን 24ቱን ደረጃ በእጁ እየዳኸ ሲወጣ ልብሱ የተገለጠበት ሰው ስለ ነበር፣ ጉዳዩ የልብስ እንጂ የደረጃ አለመሆኑ በዚያው ተረጋግጧል።

ኮሚቴው በራሱ በኩል የቀረበለትን ሁሉ በቅን ልቡና መርምሯል። አንዲት እኅታችን ወንድሞቿ ከነዊልቸሯ ተሸክመው እስከ በሩ ባደረሷት እሑድ፣ ጎማ ጫማ ነው ወይስ አይደለም የሚል ከባድ ጥያቄ ተነሣ። በተቀደሰ ስፍራ ጫማ እንደሚወለቅ ከሙሴ ጀምሮ የታወቀ ነው። አንደኛው ወገን፣ ጎማው እግሯ ነው፣ እግር ደግሞ አይወልቅም አለ። ሁለተኛው ወገን፣ ጎማው የገበያ አፈር ረግጦ መጥቷልና ጫማ ነው አለ። ክርክሩ ቅዳሴው እስኪያበቃ ዘለቀ፤ እኅታችንም በትዕግሥት በሩ ላይ ጠበቀች። በመጨረሻ ሁለቱንም ወገን ያስታረቀ ውሳኔ ተላለፈ፦ ጎማው ይውለቅ፣ ወንበሩ ይግባ። ውሳኔው በቃለ ጉባኤ ሰፍሯል። ከጫማ መደርደሪያው ጎንም ለጎማ የሚሆን ሰፊ ስፍራ ተለይቷል፤ ስፍራው እስከ ዛሬ በንጽሕና ተጠብቆ ይገኛል።

በክራንች ለሚመጡትም ታስቧል። ክራንች ጫፉ ላስቲክ ስለ ሆነ በሩ ላይ ይቀመጣል። መደገፊያ የሚሻ ሰው ግን መቋሚያ ማንሣት መብቱ ነው። መቋሚያዎቹ የሚገኙት ከቅኔ ማሕሌቱ ወዲያኛው ጥግ ነው።

አካል ጉዳት ማለት የእግር ጉዳት ብቻ አይደለም ይላሉ ወጣቶቹ፤ እኛም እንላለን። መስማት ለተሳናቸው የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ይቀጠር ተብለን ነበር፤ እኛ ከዚያ የሚበልጥ ወጪ አውጥተን ሁለት ተጨማሪ ሞንታርቦ ገዛን። አሁን ስብከቱ ሦስት ሰፈር ይሰማል። መስማት ከተሳናቸው ወገኖቻችን ቅሬታ የሰማነው የለም። ለዓይነ ስውራን ደግሞ መዝሙሩ በትልቅ ስክሪን እንዲወጣ አድርገናል። ዓይነ ስውራን መምህራን በዚህች ቤተ ክርስቲያን ወንበር ዘርግተው፣ ቅኔውንና ዜማውን ከቃላቸው እያወጡ ዓይናማውን ሲያስተምሩ መኖራቸውን ማንም አይክድም። ስለዚህም ዛሬ አንድ ዓይነ ስውር ወደ ግቢው ሲገባ አስተናጋጆቻችን በታላቅ አክብሮት እጁን ይዘው ከነዳያኑ ሰልፍ ያስቀምጡታል፤ የመጣው ለማስተማር መሆኑን እስኪነግራቸው ድረስ።

ኦቲዝም ያለበትን ልጇን ይዛ የመጣች እናትም ነበረች። ልጁ በቅዳሴው መካከል ድምፅ ቢያሰማ፣ የምእመናን ጸጥታ እንዳይታወክ አስተናጋጁ በጨዋ አንደበት ወደ ግቢው ጽድ ጥላ ሸኛቸው። የአንድ ሕፃንን ድምፅ ከአራት ሞንታርቦ ለይቶ የሰማ ጆሮ ሊመሰገን ይገባዋል።

ደረጃው ያፈራውን መንፈሳዊ ፍሬም ሳልጠቅስ አላልፍም። በግርጌው፣ በዊልቸሩ ላይ ሆኖ ጃንጥላ ዘርግቶ በየእሑዱ የሚያስቀድስ አንድ ወንድማችን አለ። ጸበል በሃይላንድ ይወርድለታል። መስቀል ለማሳለም ግን አባታችን ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ደረጃውን አይወርዱም። አንድ ቀን ሰላም ልለው ብወርድ፣ «ጋሼ፣ እዚያ ላይ ያለው እግዚአብሔርና እዚህ ታች ያለው አንድ ነው?» ሲል ጠየቀኝ። አንድ ነው አልኩት። «ታዲያ እሱ በየት በኩል ነው የሚወርደው?» አለኝ። እንዲህ ያለ ጥልቅ የነገረ መለኮት ጥያቄ ሜዳ ላይ አይበቅልም። ለሊቃውንት እንደማቀርብለት ቃል ገብቼለት ደረጃውን ወጣሁ።

ውሳኔያችን የጥቂቶች አይደለም። ከቅዳሴ በኋላ፣ ሕዝቡ ሁሉ በውስጥ እንዳለ፣ «ደረጃው ያስቸገረው ካለ ይነሣ» ተብሎ በአደባባይ ተጠይቋል። አንድም ሰው አልተነሣም። በዚህ ሳንወሰን ከላይኛው ደረጃ፣ ከበሩ አጠገብ የአስተያየት መስጫ ሳጥን ሰቅለናል። በየወሩ ይከፈታል፤ ስለ ድምፅ ማጉያው፣ ስለ ጫማ መጥፋት፣ ስለ መዘምራኑ ልብስ ብዙ ተጽፏል። ስለ ደረጃው የተጻፈ አንዲት ወረቀት አልተገኘችም።

ሕግም ይጠቅሱልናል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በአንቀጽ 36፣ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ዊልቸር ለሚጠቀሙም፣ እየተራመዱ ደረጃ መውጣት ለሚያቅታቸውም የሚሆን መግቢያ እንዲኖረው አዝዟል። እኛ ግን ቤተ ክርስቲያን የሕዝብ ሳትሆን የእግዚአብሔር ናት ብለን እናምናለን፤ እግዚአብሔር ደግሞ ደረጃ አያቅተውም። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም የምናከብረው ሰነድ ነው፤ ማንበብ ለሚፈልግ አካል ጉዳተኛ ሁሉ በጽሕፈት ቤታችን፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጦለታል። በአሜሪካ ሳይቀር እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግ ሆቴሉን፣ ሱቁንና ሲኒማ ቤቱን ሲያስገድድ የሃይማኖት ተቋማትን ነፃ አድርጓቸዋል። ሲኒማ ቤት በግድ በሩን ያመቻቻል፤ ቤተ ክርስቲያን ግን ነፃ ናት። ነፃነት ደግሞ ካልተጠቀሙበት ይባክናል።

የምሕንድስናውም ነገር ቀላል አይደለም። በተለመደው ልክ ራምፕ አንድ ሜትር ከፍ ለማለት 12 ሜትር መርዘም አለበት፤ ለእኛ 3 ሜትር ከ60 ሲሰላ፣ ማረፊያዎቹ ሳይቆጠሩ 43 ሜትር ከ20 ይመጣል። ይህን የሚያህል ቦታ በግቢያችን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የመኪና ማቆሚያው ነው። የተሠራው ደግሞ በዕድሜ የገፉ የኮሚቴ አባላት ከመኪና ወርደው ብዙ እንዳይራመዱ ነው። ለደካሞች ተብሎ የተሠራን ለደካሞች ብሎ ማፍረስ አይገባም።

ከሁሉ የሚያሳዝነው፣ ወጣቶቹ በስተጀርባ ስላለው ራምፕ ማንሣታቸው ነው። ነገሩ ይብራራ። ራምፑ አለ፤ የተሠራው ግን ለሞንታርቦውና ለጀነሬተሩ ነው። ሞንታርቦ ከባድ ነው፤ በደረጃ ቢጎተት ይጋጫል፣ ቢወድቅ ይሰበራል፣ የውጭ ዕቃ ስለ ሆነም መለዋወጫው አይገኝም። ሰው ቢወድቅ ይነሣል፤ ባይነሣም ጸበል አለ። አባታችን ጉልበታቸው ሲብስባቸው በዚያ የሚያልፉት ያለ እርሳቸው ቅዳሴ ስለማይገባ ነው። ዊልቸርም በዚያው ይለፍ የሚል ሐሳብ በቀረበ ጊዜ ኮሚቴው ለረጅም ሰዓት ተወያይቷል። በራምፑ በር ላይ «ለዕቃ ብቻ» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። ሰውን ከዕቃ እኩል ማሳለፍ ክብሩን መንካት ነው። ስለ ሰው ክብር ስንል አልፈቀድንም።

ማንም ለሁልጊዜ ውጭ ይቀራል ተብሎ እንዳይታሰብ። በጸሎተ ፍትሐት ቀን፣ በሕይወቱ ሳለ አንዲት ደረጃ ያልወጣ ሰው እንኳ በአራት ሰው ትከሻ 24ቱን ደረጃ በክብር ይወጣል። በዚያ ቀን አራት ሰው ጠፍቶ አያውቅም።

በመጨረሻም፣ በመጪው ዓመት ደረጃው በአዲስ እብነ በረድ ስለሚለብስ ምእመናን እንደ አቅማችሁ እጃችሁን ትዘረጉ ዘንድ በትሕትና እንጠይቃለን። ከዚህ በረከት አንድም ሰው እንዳይቀርብን በማሰብ ሙዳየ ምጽዋቱን ከደረጃው በታች፣ በደጁ መግቢያ አኑረነዋል። ዙሪያው ሜዳ ነው፤ ቁመቱም በዊልቸር ለተቀመጠ ሰው እጅ እንዲመች በጥንቃቄ ተለክቶ ተሠርቷል።